አባባ ምን አለ?

አሁን ትንሽ ቢተኛ ምን ነበረበት። ላሞቹ ታልበዋል፣ በረቱ ታጥቧል፣ ቦቲ ጫማው ደጅ ተዘቅዝቆ ውሃው ይንጠባጠባል፣ እስከ ማታው አለባ ድረስ የሚጠራው የለም። በጨለማ ተነስቶ ሲሠራ ያረፈደ ሰው ቀን ላይ መተኛት መብቱ ነው፤ እንዲያውም አሠሪው ራሱ ሁለት መዳፉን ጉንጩ ሥር አድርጎ «ሂድ ተኛ» ብሎ በምልክት አሳይቶታል፣ ለሕፃን እንደሚያሳዩት። እሱም እሺ ብሎ ከመኖ መጋዘኑ በላይ ወዳለችው ክፍሉ ወጣ፣ መስኮቱን በመኖ ጆንያ ጋረደ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተጋደመ። ተጋደመ እንጂ መቼ ተኛ። ጆንያው ቀዳዳ አለው፤ በቀዳዳው የገባችው ፀሐይ ግድግዳው ላይ ቁጭ ብላ ታየዋለች፣ እሱም ያያታል፣ ከታች ደግሞ ያ ድምፅ አለ። ምጥ፣ ምጥ፣ ምጥ። ላም አፏን ስትመጠምጥ ነው። የራባት ላም እንዲያ አትልም፣ የጠገበችም አትልም፤ አፏ ውስጥ የሚያቃጥላት ነገር ያለ ላም ብቻ ናት እንዲያ የምትለው። እዚህ ድረስ ሊሰማ እንደማይችል ያውቃል፤ በረቱ ከግቢው ማዶ ነው፣ መሐል ላይ የወተት ማቀዝቀዣው ሞተር ያጓራል። ቢሆንም ይሰማዋል። ትራሱን ጆሮው ላይ ቢጭንም ይሰማዋል።

አኩራፊዋ ናት። ስሙን ያወጣላት ራሱ ነው። እዚህ ላም ስም የላትም፣ ጆሮዋ ላይ ቢጫ ላስቲክ ተሰክቶላት በቁጥር ትጠራለች፤ ቡሬ እንዳይላት ደግሞ ሁሉም ቡሬ ናቸው፣ ጥቁርና ነጭ፣ በዚህ በረት መሐል ቆሞ «ቡሬ!» ብሎ መጣራት ገበያ መሐል ቆሞ «አንተ ሰውዬ!» እንደ ማለት ነው። ይቺ ግን ማለቢያው ጋ ስትደርስ ባሏ አምሽቶ እንደገባባት ሴት ፊቷን ታዞራለች፣ ስለዚህ አኩራፊዋ ተባለች። ነገሩ የጀመረ ቀን ጠዋት ግን አላዞረችም። አንገቷን ደፍታ ቆማ ነበር፣ ለሃጯ እንደ ክር ተንጠልጥሎ ሲሚንቶው ላይ ደርሷል፣ ድርቆሹን አሸተተችና ተወችው። እጁን አፏ ውስጥ ሲያስገባ ምላሷ ላይ አገኘው፤ ውሃ የቋጠረ፣ ነጣ ያለ፣ ሲነኩት የሚላጥ። ወዲያው ነው ያወቀው፣ ሰው የጎረቤቱን ልጅ መንገድ ላይ ሲያገኘው እንደሚያውቀው። አፍተግር። አገሩ እያለ ስንቴ አይቶታል፤ አፍ ያቆስላል፣ ሰኮና ያቆስላል፣ ወተት ያደርቃል፣ ላሚቱ ታነክሳለች፣ ትከሳለች፣ ከዚያ ይለቃታል። ይመጣል፣ ይሄዳል። ለአፍተግር ማን ሐኪም ይጠራል? እዚህ ግን ማለቢያው በር ላይ ትልቅ ሥዕል ተለጥፏል፤ የላም ምላስ፣ ምላሱ ላይ ያው ነጭ ነገር፣ ከሥሩ የስልክ ምልክት። ጽሑፉን ማንበብ አይችልም። በገባ ሰሞን ያስረዳው ፉጨት ነው። ፉጨት አብሮት የሚሠራው ሰው ነው፣ እሱም ከሌላ አገር የመጣ፣ ሁለቱ አንድም የሚግባቡበት ቋንቋ የላቸውም፤ እበት ሲዝቅም ውሃ ሲረጭም ስለሚያፏጭ «ፉጨት» ብሎ ሰየመው። ፉጨት ሥዕሉን በጣቱ መታ መታ አደረገና አንዲት ላም አሳየው፣ ቀጥሎ ክንዱን ዘርግቶ ላሞቹን በሙሉ አሳየው፣ ቀጥሎ ጣቱን አንገቱ ላይ አሳለፈ። በእጁ ጉድጓድ ቆፈረ። በእጁ ክብሪት ጫረ። ከዚያ ወደ ራሱ፣ ወደ እሱ፣ ወደ ትልቁ በር ጠቆመና መዳፉን አራገበ፣ ሲያበቃ ሳቀ፣ ተመልሶም ማፏጨቱን ቀጠለ።

ታዲያ ምን ያድርግ? እስቲ አንድ ሰው ይምከረው። አሠሪው ጋ ሄዶ ይንገር? ላሞቹ ካለቁ ሥራው አለቀ፣ ሥራው ካለቀ እዚህ የሚያኖረው ወረቀት አለቀ፤ ወረቀቱ ላይ ያለው የእሱ ስም ይሁን እንጂ የቆመው በላሞቹ እግር ነው። ደግሞም በምን አፉ ይነግረዋል፣ የሰውየውን ቋንቋ ገና እየተንተባተበ። ከዚያ ቋንቋ መጀመሪያ የለመደው «ከመቼ ጀምሮ?» የሚለውን ነው፤ ማሽኑ ቢበላሽ፣ ቧንቧው ቢያፈስ፣ ጥጃ ቢያስቀምጠው፣ አሠሪው ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ ያደርግና «ከመቼ ጀምሮ?» ይላል፣ ሌላ ጥያቄ ያልተፈጠረ ይመስል። ስለዚህ አልነገረውም። አገር ቤት ደወለ። በከብት ነገር ከአባባ ወዲያ ማን አለ?

«ሄሎ፣ ጋሼ!» አለች እህቱ። ታናሹ ናት፤ እናታቸው ካረፈች ወዲህ ቤቱንም አባባንም የያዘችው እሷ ናት።

«አባባን አቅርቢልኝ እስቲ።»

«ተኝቷል።»

«በዚህ ሰዓት? አባባ በቀን?»

«ደክሞት ነው መሰለኝ።»

«ሳሉስ? ያ ሳል አሁንም ይጥለዋል?»

«ሳሉማ ተሻለው፣ ጋሼ። በደንብ ተሻለው።»

ከኋላዋ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማ ነበር፣ ወንበር ሲጎተት፣ አንድ ሰው ሲያስነጥስ። ምንድነው ቤቱ ሰው በሰው ሆነ ቢላት ጎረቤት ነው አለችው፣ እሱም ጎረቤት አይጥፋ ብሎ አለፈው፤ ነገሩ የላሟ ነበርና። ስለ ምላሷ፣ ስለ ለሃጯ፣ ስለ ሥዕሉ፣ ፉጨት በእጁ ስለቆፈረው ጉድጓድ ሁሉ ነገራትና «ሲነሳ ጠይቂልኝ፣ አደራ» አላት። ማታውን ራሷ መልሳ ደወለች። ራሷ ደውላ አታውቅም።

«በጨው ውሃ አፏን እጠብላት፣ ይለቃታል ብሏል።»

«ሌላስ? ሌላ ምን አለ?»

«ሌላ…» አለች፣ ቃል ከመሬት እንደምትለቅም ሁሉ ዘገየች። «ለማንም አትናገር ብሏል። ሥራህን እንዳታጣ።»

አባባ ካለ አለቀ። ያን ሌሊት የተኛውን እንቅልፍ እዚህ አገር ከመጣ ተኝቶት አያውቅም።

ነገ ዛሬ ሲል ቀናት አለፉ። አኩራፊዋን ጥግ ወዳለችው ጋጣ አዛወራት፤ አሠሪው ሲያልፍ እግሯን እያሳየ አንካሳ አንካሳ ሄደለት፣ ሰኮናዋን ነው ለማለት፣ ውሸትም አልነበረም፣ ሰኮናዋም ቆስሏል። አሠሪው ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገው፤ አንተ ካለህማ ምን አስጨነቀኝ የሚል ፈገግታ አሳይቶት ሄደ። ያ ፈገግታ እስካሁን ይቆጠቁጠዋል፤ በጥፊ ቢመታው ይሻል ነበር። ሲመሽ ሲነጋ በባልዲ ጨው እየበጠበጠ አፏን ያጥብላታል፣ እሷም ዓይኗን ጨፍና ትታጠባለች፣ ያች አኩራፊ፣ ፊቷን ማዞር ተወች፣ አምናው ነዋ። በዚያው እጁ ደግሞ ሌሎቹን ያልባል። በዚያው ቦቲ ወደ ጥጆቹ ይገባል፣ በዚያው ባልዲ ለጊደሮቹ ውሃ ያደርሳል። በየበሩ የተቀመጠው የመድኃኒት ገንዳ እግር የሚነከርበት ነው፤ እንደ ሌላው ሰው ይነከርበታል፣ ግን የባልዲውን ነገር ማን አስቦት። እነሆ ዛሬ ጠዋት ሦስት ላሞች የፊት እግራቸውን እያፈራረቁ ሲያነሱ አየ፣ መሬቱ ፍም የሆነባቸው ይመስላሉ። አንዷ ለሃጯን እያዝረበረበች ወደ እሱ ዞረች። ማዶ የነበረው ፉጨት ቱቦውን እንደያዘ ቆሞ ያያታል። ፉጨት አያፏጭም። ጠዋቱን በሙሉ አላፏጨም፣ እሱንም ቀና ብሎ አላየውም፣ በረቱ ውስጥ ከማሽኑ ትንፋሽና ከዚያ ከመጠምጠም በቀር ድምፅ አልነበረም።

የዛሬው ቀን ደግሞ ሌላ ቀን አይደለም። ከሰዓት በኋላ የጭነት መኪና ይመጣል። ጊደሮቹን ወደ ሌላ እርሻ ሊወስዳቸው ነው፤ አሠሪው ትናንት በጣቱ አንድ በአንድ መርጦ ለብቻ አስገብቷቸዋል፣ እሱም አብሮ እየነዳ አስገብቷል። ወዲያ ማዶ ሌላ በረት አለ፣ ሌላ ባለ ኮፍያ፣ ምናልባት ሌላ እንደሱ ያለ ከመኖ መጋዘን በላይ የሚተኛ ሰው። የወተት መኪናውስ? በየጊዜው እየመጣ ቀድቶ ይሄድ የለም እንዴ፣ ከዚህ ወጥቶ የት የት እንደሚገባ ማን ያውቃል። ተኛ፣ ይላል ራሱን። ተኛ አንተ ሰው፣ አባባ ይለቃታል ብሏል፣ ከአባባ ልትበልጥ ነው? ፀሐይዋ ግድግዳው ላይ ትንሽ ፈቀቅ አለች። ይለቃታል ብሏል፣ አባባ። ምን ብሎ ነበር? በጨው ውሃ እጠባት፣ ለማንም አትናገር። ከዚያስ? ከዚያ ምንም። ከዚያ በፊትስ? ከዚያ በፊትም ምንም፤ አባባ ምንም አልጠየቀም።

ዓይኑን ገለጠ።

አባባ ሳይጠይቅ የመለሰው መቼ ነው? ከብቱ የታመመበት ሁሉ እነሱ ቤት ይመጣል፣ አባባም አገጩን ከዘራው ላይ አስደግፎ ይጀምራል፤ ከመቼ ወዲህ ነው? ውሃ የት ጠጣች? እበቷስ? ስትተኛ በየት ጎኗ ነው? ሰውየው ላሜ ልትሞት ነው እያለ ያለቅሳል፣ አባባ እበቷን ይጠይቃል። እናቱ በሕይወቷ ሳለች «ኧረ መጀመሪያ መድኃኒቱን ንገረው፣ በጥያቄ ልትገድለው ነው» ትለው ነበር። እሱ ራሱ እዚህ አገር የገባ ቀን በሰላም ደረስኩ ብሎ ሲደውል አባባ እንኳን ደረስክ ከማለቱ በፊት እዚያ ላም ምን ትበላለች፣ ማን ያልባታል፣ ማሽን? ማሽን ሲያልባትስ ዝም ትላለች? ብሎ ነው ያዋከበው። ይህ ሰው ነው ልጁ በሰው አገር ላም ታመመችብኝ ሲለው፣ ከመቼ ወዲህ ሳይል፣ ለማንም አትናገር ብሎ ጀርባውን ሰጥቶ የተኛው?

ደግሞ «ለማንም አትናገር»። ይህን ሲያስብ ተነስቶ አልጋው ላይ ቁጭ አለ። ጢሙ ማቀምቀም በጀመረበት ዓመት በረታቸው ውስጥ አፍተግር ገብቶ ነበር። ማንም አላወቀም፤ ከብቱ ሁሉ የሚጠጣው ከአንድ ወንዝ ነው፣ ዝም ቢሉ ከማን እንደመጣ የሚለይ የለም። እናቱ «ዝም በል፣ ሰው ይጠላናል» አለች። አባባ ከቤቱ ጀርባ ካለችው ጉብታ ላይ ይወጣል፣ ሁለት እጁን አፉ ላይ ያደርጋል፣ «ስሙ! ስሙ ጎረቤት! የእኔ ቤት ታሟል! ከብቶቻችሁን ያዙ!» ይላል፣ ድምፁ እስኪዘጋ፣ ማዶ ያሉት ሁሉ ወጥተው እስኪያዩት። እሱ በር ላይ ቆሞ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመርጣል። ያን ወቅት ሰው አልደረሰባቸውም፣ መንገድ ላይ የሚያገኛቸው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። እናቱ ብትነጫነጭ አባባ ሳቀባት፤ «ሰው ቢጠላን ይታረቀናል። ከብቱ ካለቀ ግን በምን ይታረቀናል?» አላት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲል የኖረ አባት፣ ደብቅ አለ? አባባ አላለም። አባባ እንዲህ አይልም። አባባ ካላለ ታዲያ ማን አለ?

አሁን ሁሉም በአንድ ላይ መጣ፣ እንደተበረገደ በረት። ሰሞኑን እህቱ በቪዲዮ አትታየውም፣ ኔትወርኩ አይችልም ትላለች። መጨረሻ ያያት ጊዜ ጥቁር ሻርፕ ጠምጥማ ነበር፣ ምነው ቢላት ፀጉሬን ታጥቤ ነው አለች። ያ ሁሉ ሰው። ያ ወንበር። ስልኩ ውስጥ ከድሮ ጀምሮ ከእህቱ ድምፅ ኋላ የሚሰማው ሳል፣ ያ ደረቅ ሳል፣ ተሻለው ከተባለበት ቀን ወዲህ አንዴም አልተሰማም፤ እሱ ደግሞ ተመስገን ሲል ሰንብቷል። ደጅ የከባድ መኪና ድምፅ መጣ። ወደ ኋላ ሲሄድ የሚያሰማው ጢጥ ጢጥ፣ ከዚያ የአሠሪው ጩኸት፣ ከዚያ የብረት በር ሲከፈት። ጆንያውን ገልጦ አላየም። ስልኩን አነሳ፣ ደወለ።

«ሄሎ፣ ጋሼ። ላሟ ተሻላት?»

«አባባን ስጪኝ።»

«ወጣ ብሏል፣ ጋሼ፣ ሲመጣ…»

«እንግዲያው ልጠብቀው። አልዘጋም። አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቀኝና እዘጋለሁ። ከመቼ ወዲህ ነው ይበለኝ፣ በቃ፣ ሌላ አልፈልግም።»

ከታች ጊደሮቹ እየተገፉ የመኪናውን መወጣጫ ሲረግጡ ይሰማል፣ ሰኮና በብረት ላይ። የእህቱ ትንፋሽ ተቆራረጠ፣ ከዚያ እንደ ድሮው፣ ሕፃን ሳለች ሰው እንዳይሰማት አፏን በቀሚሷ ይዛ እንደምታለቅሰው አለቀሰች።

«ጋሼ…»

«የጨው ውሃውንስ ማን አለ?»

«እኔ ነኝ። እናንተ ስታደርጉት አይቼ ነበር።»

«ለማንም አትናገር ያለውስ?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ፣ እኔ ነኝ። ሥራህን አጥተህ እንዳትንከራተት ብዬ። እኔ ምን አውቃለሁ ስለ ከብት?»

«ከመቼ ወዲህ ነው?» አለ። ድምፁን ራሱ አላወቀውም። «ንገሪኝ እንጂ፣ ከመቼ ወዲህ?»

«ብቻህን እንዳትደነግጥ ብዬ ነው።» ቃሉ በለቅሶ ተቆራረጠ። «አጠገብህ ሰው የለም፣ ማን ያርዳህ? የአገር ሰው ቢገኝ ጠዋት መጥተው ይነግሩሃል ብለን ስንፈልግ፣ ሽማግሌዎቹም በስልክ መርዶ አይነገርም አሉ፣ ብቻውን ክፍል ውስጥ ሰምቶ አንድ ነገር ቢሆንስ አሉ… ስለ ላሟ የደወልክ ቀን ድንኳኑ ገና አልተነሳም ነበር፣ ጋሼ። ከኋላዬ የሰማኸው የድንኳኑ ሰው ነው። አባባን ጠይቂልኝ ስትለኝ ምን ልበልህ? ምን ልበልህ እኔ?»

ምን ትበል። ስልኩ አልጋው ላይ ቀረ፣ እሷ ውስጡ እያለቀሰች፤ እሱ ግን ደረጃውን እየወረደ ነው፣ በካልሲ፣ የመድኃኒቱን ገንዳ ዘሎ። የመኪናው የኋላ በር ተዘግቷል። ሾፌሩ ገብቷል። መኪናው ትልቁ በር አፍ ላይ ደርሶ ሲንቀሳቀስ በብረቱ ክፍተት የአንዲት ጊደር አፍ ይታየዋል፣ ከአፏም ቀጭን፣ የሚያብለጨልጭ ክር ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ሁለት እጁን አፉ ላይ አደረገ።

«ያዙ!» አለ። «ስሙ! የእኔ ቤት ታሟል! ከብቶቻችሁን ያዙ!»

የአባባ ድምፅ ነበር የወጣው። እዚያ ግቢ ውስጥ አንዲት ቃል የሚሰማለት ሰው የለም፣ ሆኖም መኪናው ቆመ፣ የኋላ መብራቱ ቀይ ሆኖ በራ። አሠሪው እየሮጠ መጣ። እሱ ምላሱን አወጣና በጣቱ ጠቆመው፣ ቀጥሎ በረቱን፣ ቀጥሎ መኪናውን። ሾፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ይስቃል፣ ሰውዬው አበደ ብሎ። አሠሪው አልሳቀም። ፉጨት ከበረቱ በር ተነስቶ የጥጓን ጋጣ ከፈተለት፤ አሠሪው ገባ፣ ቆየ፣ ሲወጣ መልኩ አመድ መስሏል። ሥዕሉን አላየውም። ስልኩንም አላወጣም፣ ገና። ኮፍያውን ከራሱ ላይ አውልቆ በሁለት እጁ ይዞ ከፊቱ ቆመና ያንኑ ጥያቄ ጠየቀው፣ ቀስ ብሎ፣ መጀመሪያ የለመደውን፣ ትርጉሙን ከማንኛውም ቃል አብልጦ የሚያውቀውን።

«ከመቼ ጀምሮ?»

በሰውየው ቋንቋ የሚያውቃቸው ቃላት ሁሉ ጠፉበት።

«ብቻዎን እንዳይደነግጡ ብዬ ነው» አለ በራሱ ቋንቋ፣ እንባው አገጩ ላይ እየደረሰ። አሠሪው ለላሞቹ የሚያለቅስ መሰለውና ትከሻው ላይ እጁን አሳረፈ።